ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ታይፎይድ ለምን ይመላለስብኛል?

ጥያቄ፦ የ36 ዓመት ሴት ስሆን የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ባለፉት ሁለት ዓመታት ትኩሳትና ራስ ምታት በተሰማኝ ቁጥር ክሊኒክ ሄጄ ደም እየሰጠሁ፣ አራት ጊዜ «ታይፎይድ አለብሽ» ተብዬ መድኃኒት ወስጃለሁ። ኩፍኝ አንድ ጊዜ የያዘው ሰው ዳግመኛ አይያዝም ይባላል፤ ታዲያ ሰውነቴ ታይፎይድን መከላከል ለምን አልለመደም? ሰሞኑንም ስለሚደክመኝ ከፋርማሲ ሲፕሮ ገዝቼ ልጀምር ወይ?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ሰውነትዎ ታይፎይድን መከላከል ጨርሶ አልለመደም ማለት አይቻልም። እንዲያውም አራት ጊዜ «አለብሽ» የተባሉት፣ የመከላከያ ሴሎችዎ የቆየ ትዝታ በምርመራው ላይ ስለታየ ሊሆን ይችላል።

የታይፎይድ መንስኤ የሆነው ሳልሞኔላ ታይፊ የተባለ ባክቴሪያ በተበከለ ምግብ ወይም ውሃ ገብቶ የትንሹን አንጀት ግድግዳ ሲያልፍ፣ በቅድሚያ የሚገጥሙት ኒውትሮፊልና ማክሮፌጅ የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች የመጣውን ባዕድ ነገር ሁሉ ውጠው ለመፍጨት የሚሞክሩ ናቸው። በዚያው ጊዜ ሌሎች ሴሎች የባክቴሪያውን ቁርጥራጭ ወደ ሊምፍ ዕጢዎች ይወስዳሉ፤ እዚያም ካሉት ቢ ሴሎችና ቲ ሴሎች ከተባሉት እጅግ ብዙ ነጭ የደም ሴሎች መካከል ይህን ቁርጥራጭ መለየት የሚችሉት ጥቂቶች ብቻ ተመርጠው ይባዛሉ። ቢ ሴሎቹ ፀረ እንግዳ አካላት የተባሉትን ፕሮቲኖች ያመርታሉ። በመጀመሪያው ኢንፌክሽን ይህ ሁሉ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። ሕመሙ ሲያልፍ ከተባዙት ሴሎች አብዛኞቹ ይሞታሉ፤ የቀሩት ግን የማስታወሻ ሴሎች ሆነው ለዓመታት ስለሚቆዩ፣ ያው ባክቴሪያ ሲመለስ ሰውነት በጥቂት ቀናት ውስጥና በተሻለ ብቃት ምላሽ ይሰጣል።

ይህ ትዝታ ኩፍኝን ለዕድሜ ልክ ሲያግድ ታይፎይድን በከፊል ብቻ የሚያግደው በባክቴሪያው ጠባይ ምክንያት ነው። ሳልሞኔላ ታይፊ ቪአይ የሚባል የስኳር ሽፋን ስላለው ከኒውትሮፊሎች ዓይን ይሰወራል። ማክሮፌጅ ቢውጠው እንኳ የሚፈጨው ፈሳሽ ወደተያዘበት ከረጢት እንዳይደርስ አግዶ እዚያው ውስጥ ይራባል። ሴል ውስጥ ለተደበቀ ባክቴሪያ ደግሞ በደም ውስጥ የሚዘዋወሩት ፀረ እንግዳ አካላት አይደርሱለትም፤ ቲ ሴሎች መጥተው ኢንተርፌሮን ጋማ በተባለ መልእክት ማክሮፌጁን ማነቃቃት አለባቸው። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ሜሪላንድ በፈቃደኞች ላይ በተደረጉ ጥናቶችም፣ ቀድሞ በታይፎይድ ታመው ከዳኑት መካከል ባክቴሪያውን በድጋሚ ሲወስዱ እንደገና የታመሙ ነበሩ። ስለዚህ ዳግም መያዝ ያለ ነገር ነው፤ በሁለት ዓመት አራት ጊዜ ግን ያጠራጥረኛል።

የጥርጣሬዬ ምክንያት በየክሊኒኩ የሚሠራው የዊዳል ምርመራ ነው። ይህ ከ1896 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ ምርመራ ባክቴሪያውን አይፈልግም፤ የሚለካው ፀረ እንግዳ አካላትን ነው። እነሱ ደግሞ ከሕመሙ በኋላ ለወራት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ በደም ውስጥ ይቆያሉ። ታይፎይድ በሚበዛበት አገር የሚኖር ጤነኛ ሰውም ሊኖሩት ይችላሉ፤ ወባና ሌሎች የሳልሞኔላ ዓይነቶችም ውጤቱን ያሳስታሉ። በአንድ ጊዜ የዊዳል ውጤት ብቻ ታይፎይድ አለ ማለት፣ ጅብ ከሄደ በኋላ የሚጮኸውን ውሻ ሰምቶ ጅብ መጣ እንደማለት ነው። የተሻለው ማረጋገጫ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት የሚወሰድ የደም ካልቸር (ከደም ናሙና ባክቴሪያውን ራሱን በላቦራቶሪ አሳድጎ የሚፈልግ ምርመራ) ሲሆን፣ እሱም ቢሆን ከታማሚዎቹ ግማሽ ያህሉን ሊያመልጠው ስለሚችል ሐኪሙ ከምልክቶቹ ጋር አገናዝቦ ያነበዋል።

ማገርሸት ከዳግም መያዝ ይለያል። ትኩሳቱ ከጠፋ በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ ከተመለሰ፣ በማክሮፌጆች ውስጥ ተደብቆ የተረፈው ያው ባክቴሪያ ሊሆን ይችላል፤ መድኃኒቱን ሲሻል ማቋረጥ ለዚህ ያጋልጣል። በጥቂት ሰዎች ላይ ደግሞ በተለይ የሐሞት ጠጠር ካለ፣ ባክቴሪያው በሐሞት ከረጢት ውስጥ ለዓመታት ምልክት ሳያሳይ ይቀመጣል።

የተሻለ ትዝታ የሚያተርፍ ክትባትም አለ። የቀድሞው ክትባት ከቪአይ ስኳር ብቻ የተሠራ ስለነበር ቲ ሴሎችን አይቀሰቅስም፤ የማስታወሻ ሴሎችም በሚገባ አይፈጠሩም ነበር፤ በየሦስት ዓመቱ እንዲደገም የሚመከረው ለዚህ ነው። አዲሱ ስኳሩን ከፕሮቲን ጋር ያጣመረ በመሆኑ ቲ ሴሎች ቢ ሴሎችን እንዲያግዙ ያደርጋል። የዓለም ጤና ድርጅት በሽታው በሚበዛባቸው አገሮች ይህ ክትባት ከ6 ወር ዕድሜ ጀምሮ እንዲሰጥ በ2018 (እ.ኤ.አ.) መክሯል።

ሲፕሮውን በራስዎ አይጀምሩ። ድካም ብቻውን የታይፎይድ ምልክት አይደለም፤ የደም ማነስ፣ የታይሮይድ ችግር፣ የስኳር በሽታም ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱ ከካልቸር በፊት ከተወሰደ ውጤቱን ያዛባል፤ ባክቴሪያውም መድኃኒቱን እንዲላመድ ዕድል ይሰጣል፤ በአንጀት ውስጥ ለሳልሞኔላ ቦታ የሚነፍጉትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ጭምር ይገድላል። ትኩሳት ከሦስት ቀን በላይ ከቆየ ወባን ጨምሮ የደም ምርመራና ካልቸር ወደሚሠራበት ሆስፒታል ይሂዱ፤ የቀድሞ ውጤቶችዎንና የወሰዷቸውን መድኃኒቶች ስም ይዘው ቢሄዱ ይረዳል። ከባድ የሆድ ሕመም፣ ጥቁር ወይም ደም ያለበት ሰገራ፣ ወይም የመቃዠት ስሜት ከመጣ ግን ሦስት ቀን አይጠብቁ፤ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።