16ኛዋ አሃዝ የት ገባች?

ጥያቄ፦ የ140 ሠራተኞችን ባለ 16 አሃዝ የፋይዳ ካርድ ቁጥር ኤክሴል ላይ መዘገብኩ። በኋላ ሳመሳክር ካርዱ ላይ በ7 የሚያልቀው በ0 ያልቃል፤ የሁሉም እንደዚያው ነው። ስጽፍ ምንም ማስጠንቀቂያ አላየሁም። ፎርማቱን ወደ ቴክስት ብቀይረውም አልተመለሰም። ምን ይሻላል? (ከአዳማ)

መልስ፦ ኤክሴል በቁጥርነት ከተቀበለው ነገር የሚይዘው 15 አሃዝ ብቻ ነው። ከዚያ ያለፈውን ገና ኢንተር ሲጫኑ በ0 ይተካዋል፤ ትንፍሽ አይልም። የጠፋችው አሃዝ ፋይሉ ውስጥ የለችም፤ ከካርዱ እያዩ እንደገና መጻፍ ግድ ነው።

በዚህኛው ዙር ባዶውን ዓምድ አስቀድመው ይምረጡ፤ ኮንትሮልና 1ን አብረው ይጫኑ፤ ናምበር ከሚለው ገጽ ቴክስትን መርጠው ኦኬ ይበሉ። መጻፍ ከዚያ በኋላ ነው። የስልክ ዓምድም እንዲሁ፤ አለዚያ በ0911 የሚጀምረው በ911 ይጀምርልዎታል።

ጉዱ የሚመጣው በትክክል ሲጽፉ ነው። ሲያበላሽ ዝም ያለው ፕሮግራም አሁን ሴሉ ጥግ ላይ አረንጓዴ ምልክት ለጥፎ «ቁጥሩ በጽሑፍ መልክ ተቀምጧል» ብሎ ይከስዎታል። «ኮንቨርት ቱ ናምበር» የሚለውን ከነኩ 16ኛዋ አሃዝ ተመልሳ ትጠፋለች፤ «ኢግኖር ኤረር» ብለው ይለፉት።

ተደጋጋሚ ቁጥር በካውንትኢፍ (አንድ ነገር ስንት ጊዜ እንደተጻፈ በሚቆጥረው ፎርሙላ) ሲፈልጉም ይጠንቀቁ። ቴክስቱን ወደ ቁጥር ለውጦ ስለሚያወዳድር፣ በመጨረሻዋ አሃዝ ብቻ የሚለያዩ ሁለት ካርዶችን አንድ ናቸው ይላል። ፎርሙላው ውስጥ ከሚፈለገው ሴል አድራሻ ቀጥሎ &"*" ቢጨምሩ እንደ ጽሑፍ ያነባል።

ከሌላ ሲስተም የወጣ የሲኤስቪ ፋይል (በኮማ የተለያየ የሠንጠረዥ ጽሑፍ) በደብል ክሊክ አይክፈቱ። በዳታ፣ «ፍሮም ቴክስት/ሲኤስቪ» ይግቡና የዳታ ዓይነት እንዳይገምት («ዱ ኖት ዲቴክት ዳታ ታይፕስ») አዝዘው ይጫኑት።

ማይክሮሶፍት 365 ካለዎት የዚህ በራስ የመለወጥ ጠባይ ማጥፊያ በ2023 እ.ኤ.አ. ተጨምሯል፦ ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ ዳታ፣ «ኦቶማቲክ ዳታ ኮንቨርዥን»። 15 አሃዝ የሚለውንና የፊት ዜሮ የሚለውን ምልክት ያንሱ። ሲኤስቪ ሲከፈት የተለወጠ ነገር ካለ አስታውቀኝ የሚል ሳጥንም እዚያው አለ።

የቅጥር ቀን በእኛ አቆጣጠር ከመዘገቡ ግን ይህ አያድንዎትም። በአሜሪካ አጻጻፍ በተስተካከለ ኮምፒውተር ላይ ጳጉሜ 5 ቀን 2016ን 5/13/2016 ብለው ቢጽፉ ሜይ 13 አድርጎ ይይዘዋል፤ ለዓይን ያው ስለሆነ አያስነቃም። ቀን፣ ወርና ዓመትን በየራሳቸው ዓምድ ይጻፉ።