ቆንጆው ፈረስ ለምን ኋላ ቀረ?

ባልደራሱ ይመልሳል፦ የአንባቢያን የፈረስ ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። እኔና ወንድሜ የፈረስ እሽቅድምድም ማየት ከጀመርን ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው። ከሩጫው በፊት ፈረሶቹ እየተሳቡ በሚዞሩበት ክብ ቦታ፣ ፓዶክ በሚሉት፣ አጥሩን ተደግፈን «የኔ ይሄ ነው፣ ያንተስ?» እንባባላለን። እኔ ሁሌ ቆንጆውን ነው የምመርጠው። ባለፈው አንድ ዳማ አየሁ። አንገቱን እንደ ቀስት ደግኖ በጎን በጎኑ ይራመዳል። ገላው ያበራል፣ ላቡ አረፋ ሠርቷል። «ይሄማ ወኔ ነው!» አልኩ። ከአሥራ ሁለቱ አሥራ አንደኛ ወጣ። ወንድሜ እስከ ዛሬ ይስቅብኛል። እርስዎ ቢሆኑ ምን ምኑን ያዩ ነበር?

መልስ፦ ልጄ፣ ወንድምሽ ይሳቅ ግድ የለም። ያ ዳማ ግን ሰንፎ አይደለም የተቀደመው። ሩጫውን እዚያው አንቺ ፊት ጨርሶት ነው የሄደው።

እኔ አሥራ አራት ዓመት ፈረስ እየሳብኩ በዚያ ክብ ውስጥ ዞሬያለሁ። እንዲህ በጎን የሚሄድ፣ የሚንጠራራ ፈረስ የደረሰኝ ቀን ማታ ክንዴን ማንሳት ያቅተኝ ነበር። እኔን እንዲያ ያደረገኝ ጉልበት ከየት የመጣ ይመስልሻል? ከሩጫው ላይ ተቀንሶ ነው።

ላቡን እንይ። የፈረስ ላብ ውስጥ ላተሪን የሚባል ፕሮቲን አለ። ሥራው እንደ ሳሙና ነው፤ ላቡ በጸጉሩ ላይ ቶሎ እንዲሰራጭ ያደርጋል። ለዚህ ነው ዛቡ አንገቱን በሚያሽበትና ጭኖቹ በሚፋተጉበት ቦታ ነጭ አረፋ የሚወጣው። አረፋ ስላየሽ ብቻ አትደንግጪ። የት እንዳላበውና ስንቱ እንዳላበው እዪ። ቀኑ ሞቆ የሁሉም አንገት ከራሰ ጥፋቱ የፀሐይ ነው። ሌሎቹ ደርቀው አንዱ ብቻ ከኮርቻው ሥር እስከ ጭኖቹ መሃል ከተንጠባጠበ ግን እሱን ተዪው።

ተዪው አልኩ እንጂ፣ እዚህ ላይ አንዲት መጋላ ባዝራ ትዝ ትለኛለች። ገና ከጋጣ ስትወጣ አንገቷ ይርሳል። ጠባይዋ ነበር፤ እንደራሰች ሄዳ ታሸንፍ ነበር። አንድ ቀን ድርቅ ብላ ወጣች። እንደ በግ ተከትላኝ ዞረች። «ዛሬስ ሰው ሆነች» ብዬ ደስ አለኝ። አጥሩ ጋ የቆሙትም «እንዴት ተረጋግታለች!» ሲሉ ይሰማኛል። መጨረሻ ወጣች። ማታ ጋጣ ገብቼ ጆሮዋን ብነካው ይፋጃል። ቴርሞሜትሩ 39.6 አለ። የጤነኛ ፈረስ ሙቀት ከ37.5 እስከ 38.5 ገደማ ነው። እኔ ያን ቀን ከጎኗ ከሚዞሩት ጋር ነበር የማስተያያት። ከራሷ ጋር፣ ካለፈው ጊዜ ጋር አስተያይቼ ቢሆን ገና ከበሩ ሳንወጣ ይገባኝ ነበር።

ስለዚህ ትንሽ ደብተር ያዢ። ለየፈረሱ አንድ መስመር ይበቃል፦ አልቦታል ወይ፣ ስንት ሰው ይስበዋል፣ ጆሮው ወዴት ነው። በሚቀጥለው ስታዪው የምታነጻጽሪው ነገር ይኖርሻል። ዜንያታ የምትባለው የአሜሪካ ባዝራ ከሩጫ በፊት የፊት እግሯን ወደ ላይ እየወረወረች፣ መሬት እየጫረች ነበር የምትዞረው። ለመጀመሪያ ጊዜ ያያት ሰው «ይቺ አለቀላት» ይላል። 20 ጊዜ ሮጣ 19ኙን አሸነፈች። ያመለጣት አንዱ እ.ኤ.አ. የ2010 የብሪደርስ ካፕ ክላሲክ የተባለው የአሜሪካ ትልቅ ውድድር ነው፤ እሱንም በአንድ የፈረስ ራስ ርዝመት ብቻ ተቀድማ። ጭፈራው ጠባይዋ ነበር። እንዲያውም ሳትጨፍር የወጣች ቀን ነበር መጨነቅ።

አሁን ወደ አረማመዱ። እኔ ከሁሉም በላይ የማምነው እሱን ነው። ዘዴው ደግሞ ፈረሱን ትተሽ መሬቱን ማየት ነው። ክቡ ቀጥ በሚልበት በኩል ቁሚ። የፊት ኮቴው ያረፈበት ቦታ ላይ ዓይንሽን ትከዪና የኋላው እስኪመጣ ጠብቂ። ዱካውን አልፎ አንድ ስንዝር ያህል ወደ ፊት ካረፈ፣ ጀርባውና ዳሌው ተፍታቷል። ዱካው ላይ ሳይደርስ ከቀረ አንድ ነገር ይዞታል። ሕመም ይሁን ውጥረት ከአጥር ማዶ ሆኖ መለየት ከባድ ነው፤ ግን ይዞታል። ራሱም ከእርምጃው ጋር ለስለስ ብሎ ከፍ ዝቅ ማለት አለበት። አንደኛው የፊት እግር መሬት በነካ ቁጥር ራሱን ቀና የሚያደርግ ከሆነ ያ እግሩ አሞታል። እንዲህ ያለውን ብዙ ጊዜ ሐኪሙ ቀድሞ ያስቀረዋል፤ አንዳንዴ ግን ያመልጣል።

ደግሞ መሳቢያውን ገመድ እዪ። ደህና ቀን ላይ የልብስ ማስጫ ገመድ ይመስላል፤ መሃሉ ረገብ ያለ። ሁለት ሰው ከሁለት ወገን ተንጠልጥለውበት ገመዱ እንደ ክራር ከተወጠረ ጠርጥሪ። አንዳንድ አሠልጣኝ ግን ሁሉንም ፈረስ በሁለት ሰው ያስስባል። ይኼንንም ደብተሩ ይነግርሻል።

ማብራቱን እኔም አልጠላም። ከውስጥ የሚመጣ የጤና ወዝ አለ። ግን ማብራት ይሠራል! በብሩሽና በእርጥብ ጨርቅ ስንቱን አብርቼ አውጥቻለሁ። ዳሌው ላይ እንደ ቼዝ ሰሌዳ ያለ ሥዕል ካየሽ በማበጠሪያ የተሠራ ነው። ጠባቂው ታታሪ መሆኑን ያሳያል፤ ስለ ፈረሱ ፍጥነት ምንም አይልም። እኔ የማየው ሆዱን ነው። የመጨረሻዎቹ ሁለት ሦስት የጎድን አጥንቶች ደብዘዝ ብለው ቢታዩ ጥሩ፤ የሠለጠነ ነው። ሆዱ ገብቶ ወደ ላይ ከተሰበሰበ አልተመቸውም፣ ምናልባትም መኖ ትቷል። ከኋላው ሲያልፍሽ ደግሞ በጭኑ ጡንቻዎች መካከል ወደ ታች የሚወርድ ስንጥቅ ፈልጊ። እሱ የሚወጣው በልምምድ ነው፤ ብሩሽ አይሠራውም።

ውበት ያታለለው አንቺን ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 ግሪን መንኪ የተባለ የሁለት ዓመት ፈረስ አሜሪካ ውስጥ በጨረታ 16 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ዕድሜ ልካቸውን ፈረስ ሲያዩ የኖሩ ሰዎች ናቸው የተሻሙበት። ሦስት ጊዜ ሮጠ፣ አንድም አላሸነፈም። በተቃራኒው ሲቢስኪት እግሩ አጭር፣ ጉልበቱ ጉጥ የሆነ፣ አንቺ ዞር ብለሽ የማታዪው ዓይነት ፈረስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1938 ግርማ ሞገሱ የተመሰከረለትን ዋር አድሚራልን ለሁለት ብቻ በተደረገ ሩጫ በአራት ፈረስ ርዝመት ጥሎት ገባ። ልብና ሳንባ ከቆዳ ሥር ነው ያለው፤ አጥር ተደግፎ አይታይም።

ጃፓኖች አንድ የምወድላቸው ነገር አለ። በውድድሩ ቀን ፈረሱን ይመዝኑና ኪሎውን ለተመልካች ያሳውቃሉ፤ ከባለፈው ሩጫው ስንት እንደጨመረ ወይም እንደቀነሰም አብረው ይጽፋሉ። 480 ኪሎ የሚመዝን ፈረስ ሁለት ሦስት ኪሎ ቢለዋወጥ ምንም አይደለም። አሥራ አምስት፣ ሃያ ከቀነሰ ግን ወደ ፓዶኩ ሄጄ ሆዱን አየዋለሁ።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ብዙ ሰው ጋላቢው ሊወጣ ሲል ቦታ ለመያዝ ወደ ሜዳው ይሮጣል። አንቺ ቆዪ። ጋላቢው ኮርቻው ላይ የሚያርፍባት ቅጽበት የቀረውን ሁሉ ትነግርሻለች። ሲዞር ጨዋ የነበረው ጀርባውን ቆልምሞ ጭራውን ሲያወናጭፍ ታዪዋለሽ። ሌላው ደግሞ እንቅልፋም መስሎ ቆይቶ ክብደቱ ሲያርፍበት ጆሮውን ወደ ፊት ቀስሮ እርምጃውን ያረዝማል። እኔ እንቅልፋሙን ነው የምመርጠው።

ጥያቄ፦ እግራቸው በፋሻ የተጠቀለለ ፈረሶች አያለሁ። ተጎድተው ነው?

መልስ፦ ብዙ ጊዜ አይደለም። ሲሮጥ አንዱ ኮቴ ሌላውን እግር እንዳይመታ ወይም ቆዳው በአሸዋ እንዳይላጥ ይጠቀለላል። አራቱም ከተጠቀለሉ እለፈው። ሁልጊዜ ያለ ፋሻ የሚሮጥ ፈረስ ዛሬ በሁለቱ የፊት እግሮቹ ብቻ ታስሮ ከመጣ ግን ጅማቱ አስግቷቸው ሊሆን ይችላል። አረማመዱን ሁለት ዙር እየው።