ግራፊክስ ካርድ ከመቀየራችሁ በፊት፦ ስለ ፓወር ሰፕላይና ስለ ሙቀት ጥያቄና መልስ

ጠይቁ፣ እመልሳለሁ። ጥያቄ ስትልኩ የካርዱንና የፕሮሰሰሩን ሞዴል ጻፉልኝ፤ ፓወር ሰፕላዩ (ለኮምፒውተሩ ክፍሎች ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ሳጥን) ጎን ላይ ከተለጠፈው ሠንጠረዥም የ12 ቮልቱን አምፔር አትርሱ።

ጥያቄ፦ 550 ዋት ፓወር ሰፕላይ አለኝ፤ ፕሮሰሰሬ 65 ዋት ነው። አርቲኤክስ 4070 ግራፊክስ ካርድ ይችልልኛል?

መልስ፦ ካርዱ 200 ዋት ይስባል። ፕሮሰሰሩ ሥራ ሲበዛበት ከተጻፈው በላይ ስለሚወስድ 120 ያዝለት፤ ለማዘርቦርድ፣ ለዲስክና ለፋን 60 ጨምር። በድምሩ 380 ነው። የካርዱ አምራች 650 ዋት ፓወር ሰፕላይ ያስፈልጋል የሚለው ያንተ ፓወር ሰፕላይ ምን ዓይነት እንደሆነ ስለማያውቅ ነው። አሁን ሠንጠረዡን እይ። 45 አምፔር ካለ፣ በ12 ሲባዛ 540 ዋት ስለሚሆን ይበቃሃል። 30 አምፔር ካለ ግን 360 ብቻ ነው፤ ካርቶኑ ላይ 550 ቢባልም የቀረው ካርዱ በማይጠቀምበት በ5 እና በ3.3 ቮልት ላይ ነው ያለው። እንዲህ ከሆነ ካርዱን አትግዛ፣ መጀመሪያ ፓወር ሰፕላዩን ቀይር።

ጥያቄ፦ አርቲኤክስ 3080 በ650 ዋት ገጠምኩ። ጌም ስጀምር ኮምፒውተሩ ድርግም ብሎ ይጠፋል። ሙቀት ይሆን?

መልስ፦ አይመስለኝም። ካርድ ሲግል መጀመሪያ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ጌሙ ይንቀረፈፋል እንጂ ወዲያው አይጠፋም። 3080 በአማካይ 320 ዋት ይስባል፤ ለጥቂት ሚሊሰከንድ ግን ከዚያ በጣም ዘሎ ይወጣል። ፓወር ሰፕላዩ ይህን ዝላይ እንደ ከመጠን ያለፈ ጭነት ቆጥሮ ራሱን ይዘጋል። አፍተርበርነር በሚባለው የካርድ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም የካርዱን ፓወር ሊሚት (የሚስበውን ኃይል ጣሪያ) 70 በመቶ አድርገህ ሞክር፤ መጥፋቱ ከቆመ ጥርጣሬህን ፓወር ሰፕላዩ ላይ አድርግ። ኬብሉንም እይ፦ ባለ 8 ፒን ሶኬት አንዱ እስከ 150 ዋት ነው የተመደበለት፤ ከአንድ ኬብል የተንጠለጠሉ ሁለት ሶኬቶችን ሰክተህ ከሆነ ንቀልና ለእያንዳንዱ የየራሱን ኬብል ከፓወር ሰፕላዩ አምጣለት።

ጥያቄ፦ ከድሮ ፓወር ሰፕላይ የተረፈ ኬብል አለኝ፤ ልክክ ብሎ ይገባል። ልጠቀምበት?

መልስ፦ በፍጹም! በካርዱ በኩል ያለው ሶኬት አንድ ዓይነት ነው፣ በፓወር ሰፕላዩ በኩል ያለው ግን እንደ አምራቹ ይለያያል፤ የአንዱ አምራች ሁለት ሞዴሎች እንኳን ላይገጣጠሙ ይችላሉ። 12 ቮልት የማይገባው ቦታ ከገባ ዕቃ ያቃጥላል። ከሳታ (የዲስክ ኃይል ሶኬት) ወደ 8 ፒን የሚቀይረውንም አስማሚ ተዉት፤ የሳታ ሶኬት በ12 ቮልት የሚችለው 54 ዋት ነው።

ጥያቄ፦ አዲሱ ባለ 16 ፒን የካርድ ኃይል ሶኬት ይቀልጣል ሲባል ፈራሁ።

መልስ፦ ዋነኛው መንስኤ እስከ መጨረሻው ሳይገባ መቅረቱ ነው። ገፍተሽ ካስገባሽው በኋላ በመብራት እዪው፤ በሶኬቱና በካርዱ መካከል ቀጭን ክፍተት እንኳን መታየት የለበትም። ከሶኬቱ 35 ሚሊሜትር ሳይርቅ ኬብሉን አታጥፊው። የኬዙ መስታወት ኬብሉን የሚጫነው ከሆነ ኬዙ ጠቦታል ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ኬዙ ሲዘጋ ካርዱ 84 ዲግሪ ይደርሳል፣ ጎኑን ስከፍተው 71።

መልስ፦ ችግሩን ራስህ አገኘኸው፤ ካርዱ ደህና ነው፣ ኬዙ አየር አጥቷል። የፊቱን የአቧራ ማጣሪያ አጽዳ፣ ከፊት ሁለት ባለ 120 ሚሊሜትር ፋን አስገቢ፣ ከኋላ አንድ አስወጪ አድርግ። ከፋን አየር የሚወጣው የሞተሩ ድጋፍ ዘንጎች ባሉበት ጎን ነው፤ ብዙ ሰው ገልብጦ የሚገጥመው እዚህ ላይ ነው። ቁራጭ ሶፍት ከፊት አስጠጋ፣ ተስቦ መለጠፍ አለበት። ሲከፈትም ሙቀቱ ባይቀንስ ኖሮ የካርዱን አቧራና የደረቀ ቴርማል ፔስት (ሙቀትን ከቺፑ ወደ ማቀዝቀዣው የሚያስተላልፍ ቅባት) እንፈልግ ነበር። አቧራውን በአየር ስትነፋ የፋኑን ክንፍ በጣትህ ያዝ፤ ያለ ልክ ከተሽከረከረ ይበላሻል።