ሰብውፈሩ ጭጭ ሲል፦ ጥያቄና መልስ

የመኪና ሰብውፈር፣ ማለትም ቤዙን የሚያወጣው ትልቁ ስፒከር፣ ድምፅ እምቢ ሲል ሁሉም መጀመሪያ የሚጠረጥረው ራሱን ሰብውፈሩን ነው። ጥፋቱ ግን ብዙውን ጊዜ እሱ ጋ ከመድረሱ በፊት ያለው መንገድ ላይ ነው፤ ፊውዝ፣ ማሳ፣ ሪሞት ሽቦ፣ ሴቲንግ። ያላችሁን ጠይቁኝ። ስትጠይቁ ሁለት ነገር ንገሩኝ፦ የአምፕሊፋየሩ (የቴፑን ድምፅ አጉልቶ ለሰብውፈሩ የሚሰጠው ሳጥን) መብራት በርቷል ወይ? ድምፁ ከመጥፋቱ በፊት መኪናው ላይ ምን ተነክቷል? መሣሪያ ካላችሁ ደግሞ ቮልትና ኦም የሚለካ ተራ ቴስተር ይበቃል።

ጥያቄ፦ እስከ ትናንት ሲደልቅ የነበረ ሰብውፈር ዛሬ ዝም አለ። የአምፕሊፋየሩ መብራትም አይበራም። ከየት ልጀምር?

መብራት ከሌለ ለጊዜው ሰብውፈሩን እርሳው። አምፕሊፋየር ለመነሳት ሦስት ሽቦ ይፈልጋል፦ ከባትሪ በቀጥታ የሚመጣ ወፍራም ፖዘቲቭ፣ ከመኪናው ብረት ጋር የሚያያዝ ማሳ፣ እና ከቴፑ የሚመጣ፣ «ተነሳ» ብሎ የሚያዝዘው ቀጭን ሪሞት። ቴስተርህን ዲሲ ቮልት ላይ አድርግ። ቀዩን ጫፍ የአምፕሊፋየሩ ፖዘቲቭ ላይ፣ ጥቁሩን ማሳው ላይ አስነካ። ሞተር ጠፍቶ ከ12.4 እስከ 12.7 ቮልት ማየት አለብህ። ሞተር ሲነሳ ወደ 14 ይጠጋል።

ዜሮ ካነበበ ቀዩን ጫፍ እዚያው ተወውና ጥቁሩን ብቻ ወደ ሌላ ባዶ የመኪና ብረት ውሰድ። አሁን 12 ካሳየህ ፖዘቲቩ ደህና ነው፤ የጠፋው ማሳው ነው። ቡሎኑን ፍታ፣ ሥር ያለውን ቀለም ብረቱ እስኪያበራ ድረስ ፋቅ፣ መልሰህ አጥብቅ። ቀለም ላይ የታሰረ ማሳ አንድ ሰሞን ሠርቶ ድንገት ይከዳል። ሽቦውም አጭር ይሁን፤ ከግማሽ ሜትር ባይበልጥ ጥሩ ነው።

አሁንም ዜሮ ከሆነ ግን ባትሪው አጠገብ ያለውን ፊውዝ አውጣ። በዓይን አይተህ «ደህና ነው» አትበል። ቴስተሩን የሚጮኸው ቦታ ላይ አድርገህ ሁለቱን ጫፍ አስነካ፤ ካልጮኸ ተበጥሷል። የፊውዙን ቤትም እይ፤ አረንጓዴ ዝገት ይዞት ኮንታክት የሚያጣ ሞልቷል።

ጥያቄ፦ ፊውዙ ተቃጥሎ ቀየርኩት፣ ወዲያው ደገመኝ። ከፍ ያለ አምፔር ላድርግበት?

በፍጹም። ያ ፊውዝ የሚጠብቀው ኬብሉን ነው። ከኬብሉ አቅም በላይ የሆነ ፊውዝ ካስገባህ በፊውዙ ፋንታ የሚቃጠለው ኬብሉ ነው፣ እሱ ደግሞ የሚያልፈው ከምንጣፍህ ሥር ነው። ፖዘቲቩን ከአምፕሊፋየሩ ንቀልና ጫፉን በደንብ ሸፍነህ አዲስ ፊውዝ አስገባ። አሁንም ከተቃጠለ ኬብሉ መንገድ ላይ ብረት ነክቷል። የወንበር ቡሎን ሥርና ከሞተር ክፍል ወደ ውስጥ የሚገባበትን ቀዳዳ ፈትሽ። ካልተቃጠለ ችግሩ አምፕሊፋየሩ ውስጥ ነው።

ጥያቄ፦ ፖዘቲቭና ማሳ ለካሁ፣ 12.6 ነው። ግን አይነሳም።

ሪሞቱን ለካ። ቴፑ ሲበራ 12 ቮልት አካባቢ፣ ሲጠፋ ዜሮ መሆን አለበት። ቴፑ በርቶ ዜሮ ከሆነ በአጭር ሽቦ ፖዘቲቩንና ሪሞቱን አፍታ አገናኛቸው። ከተነሳ አምፕሊፋየሩ ጤነኛ ነው፤ ሽቦው ከቴፑ ጀርባ ወልቋል ወይም መንገድ ላይ ተበጥሷል። በዚያው ጠምጥመህ ግን እንዳትተወው። አምፕሊፋየሩ ሌሊቱን ሙሉ በርቶ ያድርና ጠዋት መኪናው አይነሳልህም።

ጥያቄ፦ የኔ ግራ የገባው ነው። ሬዲዮ ስከፍት ቤዙ አለ፣ ብሉቱዝ ላይ ሳደርገው ይጠፋል። ቴፑን በቅርብ ነው ያስቀየርኩት።

ይህን ጥያቄ ወደድኩት፤ ብዙ ሰው ቴፑን በከንቱ የሚያስፈታበት ጉዳይ ነው። ከቴፑ ጀርባ ሁለት የሚመሳሰሉ ሽቦዎች አሉ። ሙሉ ሰማያዊው አብዛኛውን ጊዜ የአንቴና ነው፤ ነጭ መስመር ያለበት ሰማያዊ የአምፕሊፋየር ሪሞት ነው። ብዙ ቴፕ ለአንቴናው ኃይል የሚሰጠው ሬዲዮ ሲከፈት ብቻ ነው። የገጠመልህ ሰው ሪሞትህን ከአንቴናው ጋር አስሮታል። ወደ ባለ ነጭ መስመሩ አዛውረው፣ በቃ።

ጥያቄ፦ መብራቱ በርቷል ግን ቀይ ነው።

የመብራት ቀለም እንደ አምራቹ ይለያያል፤ ከጎኑ «ፕሮቴክት» የሚል ካለ አምፕሊፋየሩ ራሱን ለመከላከል ዘግቷል ማለት ነው። አጥፋው፣ የስፒከር ሽቦዎቹንና ከቴፑ ሲግናል የሚያመጡትን የአርሲኤ ገመዶች ሁሉ ንቀል፣ ኃይል ብቻ ትተህ አብራ። ቀዩ ከጠፋ ጥፋቱ ከነቀልካቸው አንዱ ነው። እያጠፋህ አንድ በአንድ መልስ፤ ቀዩን የመለሰው እሱ ነው። ከስፒከር ሽቦው አንዲት ቀጭን ክር ወጥታ የጎረቤቱን ተርሚናል ነክታ ታገኛለህ። ባዶውንም ቀይ ካለና ቮልቱ ደህና ከሆነ ጥገና ቤት ይግባ።

ጥያቄ፦ ሁለተኛ ሰብውፈር ጨመርኩ። ቮሉም ከፍ ሳደርግ ቀይ ያበራና ይዘጋል።

ኦሙ፣ ማለትም ሰብውፈሮቹ ለአምፕሊፋየሩ የሚያሳዩት መቋቋም፣ ወርዶብሃል። ሰብውፈሮችህ ባለ ሁለት ኮይል (የሽቦ ጥቅል)፣ እያንዳንዱ ኮይል 4 ኦም ነው እንበል። አራቱንም ኮይል ፓራለል (ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጋቲቭ ከኔጋቲቭ) ካሰርካቸው 1 ኦም ይሆናል። አምፕሊፋየርህ የሚችለው ዝቅተኛ 2 ኦም ከሆነ መዝጋቱ ደግ አደረገ። የእያንዳንዱን ሰብውፈር ሁለት ኮይሎች ሲሪ (የአንዱን ኔጋቲቭ ከሌላው ፖዘቲቭ) እሰር፤ 8 ኦም ይሆናሉ። ከዚያ ሁለቱን ሰብውፈሮች ፓራለል አድርግ፤ 4 ኦም ታገኛለህ። ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ግን ይሠራል። ሁለት ቻናል ብሪጅ አድርገህ (እንደ አንድ አጣምረህ) የምትጠቀም ከሆነ የብሪጁ ዝቅተኛ ኦም ሌላ ነው፤ አምፕሊፋየሩ ላይ ተጽፏል፣ አንብበው።

ጥያቄ፦ መብራቱ አረንጓዴ፣ የፊት ስፒከሮች ይሠራሉ፣ ሰብውፈሩ ግን ትንፍሽ አይልም። ባትሪ ቀይረን ነበር።

ባትሪ ሲነቀል ብዙ ቴፕ ሴቲንጉን ይረሳል። ስለዚህ ከመፍታትህ በፊት ቴፑ ውስጥ ግባ። ሰብውፈር የሚለው «ኦፍ» ላይ ነው? ደረጃው ታች ወርዷል? ድምፁን ለፊትና ለኋላ የሚያከፋፍለው ፌደር ሙሉ በሙሉ ወደ ፊት ሄዷል? ቀጥሎ አምፕሊፋየሩ ላይ ያለውን የፊልተር ማብሪያ እይ። ሰብውፈር ዝቅተኛውን ድምፅ ብቻ የሚያሳልፈው «ሎው ፓስ» ላይ ነው መሆን ያለበት፤ 80 ኸርዝ አካባቢ ጥሩ መነሻ ነው። በስህተት «ሃይ ፓስ» ላይ ካለ የሚቆርጠው ራሱን ቤዙን ነው። ሾፌሩ ጋ የተገጠመ የቤዝ መቆጣጠሪያ ካለም ገመዱ ላልቶ ወይም እስከ ታች ተዘግቶ ይሆናል።

ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ ሲግናሉን ፈትን። የአምፕሊፋየሩን ጌይን (ሲግናሉን የሚያጎላበትን መጠን የሚወስነውን ቁልፍ) እስከ ታች ቀንስ፣ አርሲኤውን ከአምፕሊፋየሩ ንቀል፣ ስልክህን በአርሲኤ ማገናኛ ገመድ እዚያው ላይ ሰካና ቤዝ ያለው ዘፈን ክፈት። ቀስ እያልክ ጌይኑን ጨምር። ሰብውፈሩ ከተናገረ ችግሩ ገመዱ ወይም የቴፑ መውጫ ነው። ዝም ካለ ወደሚቀጥለው ጥያቄ እለፍ።

ጥያቄ፦ ሰብውፈሩ ራሱ መሞቱን እንዴት አውቃለሁ? ቴስተር የለኝም፣ ሴት ስለሆንኩ ጋራዥ ስሄድ ያታልሉኛል ብዬም እፈራለሁ።

እህቴ፣ ይሄን ቤትሽ ሆነሽ ትጨርሺዋለሽ። ሽቦውን ከአምፕሊፋየሩ በኩል ንቀዪ። አንድ ባለ 1.5 ቮልት የቴሌቪዥን ሪሞት ባትሪ ያዢና ሁለቱን የሽቦ ጫፎች በባትሪው ሁለት ጫፍ አስነኪ፣ ወዲያው አንሺ። ሰብውፈሩ «ጧ» ካለና የፊቱ ወረቀት ትንሽ ከተንቀሳቀሰ ኮይሉ አልተበጠሰም። ዝም ካለ ሰብውፈሩን ከሳጥኑ ፈትተሽ በቀጥታ በራሱ ተርሚናል ላይ ድገሚው። አሁን ከተንቀሳቀሰ ጥፋቱ ሳጥኑ ውስጥ ያለው ሽቦ ነው፤ በንዝረት ብዛት ከተርሚናሉ ይወልቃል።

እግረ መንገድሽን ወረቀቱን በሁለት እጅሽ ጣቶች እኩል ተጭነሽ ቀስ ብለሽ ወደ ውስጥ ግፊው። እንደ አሸዋ የሚያንኮሻኩሽ ከሆነ ወይም የቃጠሎ ሽታ ካለው ኮይሉ ተቃጥሏል። ቴስተር ከተገኘ 4 ኦም የተባለው ኮይል ከ3 እስከ 4 ባለው መካከል ያነባል። ምንም ካላነበበ ተበጥሷል። ባለ ሁለት ኮይል ከሆነ ሁለቱንም ለየብቻ ለኪ።

ጥያቄ፦ ፈትቼ መልሼ ከገጠምኩት ወዲህ ይንቀሳቀሳል፣ ቤዝ ግን የለም።

ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ተገላብጦብሃል። ሁለት ሰብውፈር ካለህ አንዱ ሲወጣ ሌላው እየገባ ይጠፋፋሉ። የአንዱን ሽቦ አገላብጥ።

ጥያቄ፦ ግማሽ ሰዓት ይሠራል፣ ይጠፋል፣ ካረፈ በኋላ ይመለሳል።

ሙቀት። አምፕሊፋየሩን በእጅህ ንካው፤ የሚያቃጥል ከሆነ አየር አጥቷል ወይም ኦሙ ወርዷል። ከምንጣፍና ከዕቃ ሥር አውጣው። ሲጠፋ ካልጋለ ግን ቤዙ በሚመታበት ቅጽበት ቮልቱን ለካ፤ ወደ 11 እና ከዚያ በታች የሚወርድ ከሆነ ኬብሉ ቀጭን ነው ወይም ባትሪው ደክሟል።

ጥያቄ፦ ባለሙያው ገና ሳይፈታው «አምፕሊፋየሩ ተቃጥሏል፣ አዲስ ግዛ» አለኝ። ልግዛ?

ሦስቱን ተርሚናሎች ፊትህ ለክቶ ያሳይህ። ከዚያ የሚሠራ ሌላ ሰብውፈር አምፕሊፋየርህ ላይ፣ ሰብውፈርህን ደግሞ የሚሠራ ሌላ አምፕሊፋየር ላይ ይሞክርልህ። አሥር ደቂቃ አይፈጅም። እምቢ ካለህ ቁልፍህን ተቀበልና ሌላ ዘንድ ሂድ።