ጥያቄና መልስ፦ የዳምቡላን የቡድሃ ዋሻ ለማየት ብሄድ ኃጢአት ይሆንብኛል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ዱባይ የምሠራ የተዋሕዶ ልጅ ነኝ። አብራኝ የምትሠራ የስሪላንካ ልጅ ለዕረፍት አገሯ ስትገባ አብሬያት እንድሄድ ጋብዛኛለች። ቤተሰቦቿ ካንዲ ናቸው፤ ከዚያ ተነስተን ተራራ ላይ ያለውን የዳምቡላ ዋሻ እናያለን ብላኛለች። ቡድሃ የሚመለክበት ቦታ ስለሆነ ሕሊናዬ ፈራ። መግባት እችላለሁ? ጫማ ማውለቁና አበባ መያዙስ?

መልስ፦ እኅታችን፣ ማየትና ማምለክ ለየቅል ናቸው። ቅዱስ ጳውሎስ አቴና በጣዖት ተሞልታ ሲያይ መንፈሱ ተበሳጨበት፤ ቢሆንም እየተዘዋወረ የሚያመልኩትን ተመለከተ፣ በመሠዊያቸው ላይ የተጻፈውንም አንብቦ የስብከቱ መነሻ አደረገው (ሐዋ. 17፥16-23)። ስለዚህ ለማየት መግባትሽን ኃጢአት አልለውም። የሚያሳስበኝ እዚያ በፍቅር እጅሽ ላይ የሚያኖሩልሽ ነገር ነው።

ዳምቡላ እስከ ዛሬ የሚጸለይበት ቦታ ነው። ንጉሥ ቫላጋምባ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከደቡብ ህንድ ወራሪዎች ሸሽቶ እዚያ ተጠልሎ ነበር ይባላል፤ ዙፋኑን ሲያስመልስ ለውለታው ዋሻዎቹን ቤተ መቅደስ አደረጋቸው። አምስት ዋሻዎች ናቸው። በመጀመሪያው ውስጥ ከዚያው አለት የተፈለፈለ፣ 14 ሜትር የሚረዝም የተጋደመ ቡድሃ አለ፤ በጠቅላላው ምስሎቹ ከ150 ይበልጣሉ፣ ጣሪያውንም ሥዕል ሸፍኖታል። ይምርሐነ ክርስቶስን የሚያውቅ ሰው ዋሻውን፣ ሥዕሉን፣ መነኩሴውን ሲያይ «የኛን ይመስላል» ማለቱ አይቀርም። ደጅ ስንደርስ ማማተብና መሳለም ስለለመድን ሰውነታችን ሳናስበው ጎንበስ ይላል። በሩ ላይ ቆም በዪና ልብሽን ሰብስበሽ ግቢ።

ጫማ ማውለቁ አያስጨንቅሽ፤ የቤቱ ሥርዓት ነው፣ ሰው ቤት ስትገቢም ታደርጊዋለሽ። ቀትር ላይ አለቱ እግር ስለሚጠብስ ካልሲ ያዢ፣ ወይም በጠዋት ውጪ። ትከሻና ጉልበት መሸፈን ግዴታ ነው። ነጠላሽን ግን ካንዲ ተዪው። እነሱም ወደ መቅደሳቸው ሲሄዱ ነጭ ስለሚለብሱ፣ ነጭ ለብሰሽ ብትገቢ ልትሰግድ የመጣች ትመስያቸዋለሽ። ራስ ተከናንቦ መግባትም እዚያ እንደ ንቀት ይቆጠራል። ቀለም ያለው ሻርፕ ትከሻሽ ላይ ጣል ማድረግ ይበቃል።

አበባውን በተመለከተ፣ ጓደኛሽ የሎተስ አበባ ገዝታ ደረጃውን ስትወጣ ብታግዣት እገዛ ነው። ምስሉ ፊት ካለው ጠረጴዛ ላይ በገዛ እጅሽ ያኖርሽው ግን መሥዋዕት ነው። በሩ ላይ መልሺላት። የዘይት መብራቱም፣ ዕጣኑም እንደዚሁ። እሷ እጆቿን አጋጥማ ስትጎነበስ አንቺ ከኋላ ዝም ብለሽ ቁሚ።

ከሁሉ የማስጠነቅቅሽ ስለ ክሩ ነው። በስሪላንካ መቅደሶች መነኩሴ ጸሎት የተደገመበትን ነጭ ክር በእንግዳ አንጓ ላይ ያስራል፤ ይጠብቅሃል ብለው ስለሚያምኑ ለወደዱት ሰው የሚያደርጉት ነው። አንቺ ግን በክርስትናሽ ቀን አንገትሽ ላይ የታሰረልሽ ማዕተብ አለሽ፤ ሌላ ጠባቂ አትሺም። መነኩሴው ክሩን ይዞ ሲዘረጋ ቀኝ እጅሽን ደረትሽ ላይ አድርጊና በፈገግታ ወደ ኋላ በዪ፤ ማንም አይቀየምሽም። ሳታውቂ ታስሮብሽ ቢሆን እዚያው ፊቱ አትበጥሺው። ስትወጪ ፈትተሽ አስቀምጪው፣ ለንስሐ አባትሽም ንገሪያቸው።

በሁለተኛው ዋሻ ከጣሪያው የሚንጠባጠብ፣ በዕቃ የሚጠራቀም ውኃ ታያለሽ። እነሱ እንደ ቅዱስ ያዩታል። ጠበል የለመደ እጅ ቶሎ ይዘረጋልና ተጠንቀቂ፤ ስመ ሥላሴ ያልተጠራበት ውኃ ለኛ ጠበል አይደለም።

አንዳንዶች የሶርያው ሹም ንዕማን በጣዖቱ በሬሞን ቤት እንደሰገደ ጠቅሰው «ልብህ ካልሰገደ ግድ የለም» ይላሉ። አይደለም። ንዕማን ንጉሡ እጁን ተደግፎ ሲሰግድ አብሮ ማጎንበስ ግድ ይሆንበት ስለነበር አስቀድሞ ይቅርታ ለመነ (2ኛ ነገሥት 5፥18)፤ ፈቃድ አልጠየቀም። አንቺን ደግሞ የሚያስገድድሽ የለም።

በሌላ በኩል ማንጓጠጥም አይገባም። የኤፌሶን ጸሐፊ ስለ ጳውሎስ ባልንጀሮች ሲመሰክር አምላካችንን አልተሳደቡም ብሏል (ሐዋ. 19፥37)። ስለዚህ ዋሻው ውስጥ አትከራከሪ፣ ምስል አትንኪ፣ ለምስሉ ጀርባ ሰጥተሽ ፎቶ አትነሺ። በስሪላንካ ይህ እንደ ስድብ ይታያል፤ በ2012 እ.ኤ.አ. የቡድሃን ምስል ሲስሙ ፎቶ የተነሡ ፈረንሳውያን ፍርድ ቤት ቀርበው በገደብ ተፈርዶባቸዋል። ከምስል ጋር ሆነሽ የተነሣሽውን ፎቶ ፌስቡክ ላይ መለጠፉንም አልመክርሽም፤ ጳውሎስ በጣዖት ቤት መታየትሽ ደካማውን ወንድም እንዳያሰናክል ይላል (1ኛ ቆሮ. 8፥10)።

ምግብ ሲሰጡሽ አትመርምሪ፤ «ይህ ለቡድሃ የቀረበ ነው» ያለሽ ካለ ግን አትብዪ (1ኛ ቆሮ. 10፥27-28)። ትኬት ከታች ቆርጠሽ ውጪ፤ የመግቢያ ክፍያ ነው፣ ስለት አይደለም። የመባ ሣጥኑን እለፊው። ደረጃው ከ300 በላይ ስለሆነ ውኃ ያዢ፣ የምግብ ፌስታል ግን በእጅሽ አይታይ፤ ዝንጀሮዎች ይነጥቃሉ።

ጓደኛሽን ከዱባይ ሳትነሡ አነጋግሪያት። «አብሬሽ እገባለሁ፣ አያለሁ፣ ክርና አበባ ግን ሃይማኖቴ አይፈቅድልኝም» በያት። መነኩሴው ፊት ድንገት ከምታፍር አስቀድማ ብታውቅ እሷው ራሷ ትከላከልልሻለች።