የሚመጡት ሁልጊዜ እነዚያው ናቸው

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን ከረሙ? የምጽፍልዎ ከደሴ ነው። በወር አንድ ጊዜ አዋቂ ሰው እየጋበዝን ንግግር የምናሰማበት ማኅበር አለን። እኔ ጸሐፊው ነኝ። መጀመሪያ አዳራሹ ይሞላ ነበር። አሁን የሚመጡት እነዚያው ጡረተኛ መምህራን ብቻ ናቸው። ፖስተር ለጠፍን፣ ቴሌግራም ላይ ለቀቅን፤ ወጣቱ ንቅንቅ አላለም። አንዳንዶቻችን መዋጮው ይቅር እያልን ነው። ምን ይሻላል?

መልስ፦ አብሽር ልጄ። ጡረተኛ መምህራን በየወሩ የማይቀሩበት ማኅበር ገና ነፍስ አለው።

መዋጮውን ተወው። የወሎ ሰው ለቅሬው፣ ለእድሩ ማለቴ ነው፣ ሳያጉረመርም የሚከፍለው ጥቅሙን ስለሚያውቅ ነው። ብቻ ለእንግዳ በመጀመሪያው ቀን የመመዝገቢያ ደብተር አትዘርጉበት። ሁለት ሦስቴ መጥቶ ይስማ።

እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ስለ ተናጋሪዎቻችሁ ጽፈህልኛል፤ አድማጩ መቼ እንደሚናገር ግን አልነገርከኝም። በብዙ አዳራሽ የማየው ይኸንኑ ነው። ተናጋሪው ሁለት ሰዓት ያወራል። ሰብሳቢው «ሰዓት የለንም» ይላል። የታወቁ ሦስት ሰዎች ይጠይቃሉ፣ ይጨበጨባል፣ አለቀ። ከኋላ የተቀመጠች የ12ኛ ክፍል ተማሪ ጥያቄዋን እንደያዘች ትወጣለች። በወሩ ምን ልትሠራ ትመለስ?

ንግግሩ ከ40 ደቂቃ አይለፍ። የቀረው ለጥያቄ ይሁን፤ የመጀመሪያዎቹም ጥያቄዎች ለአዲስ ሰው ይሰጡ። አንጋፎቹ ቅር አይላቸውም፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ የተማሪ ጥያቄ ሲመልሱ የኖሩ ናቸው። ቡናም ይፈላ። ከአቦል እስከ በረካ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ወሎዬ አላውቅም።

ርዕሱን ደግሞ ከደጃችሁ አንሱ። ክራር የሚጫወት ሰው ጋብዙና አራቱን ቅኝቶች፣ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን በየተራ እያሰማ ልዩነታቸውን ያስረዳ። ባቲም አምባሰልም የአገራችሁ ስም ነው፤ ወጣቱ ዘፈኑን ያውቀዋል፣ ቅኝቱን ግን ማን ነገረው? ስለ ወሎው ንጉሥ ሚካኤል የሚናገር ሰው ካገኛችሁ አዳራሹን ትታችሁ የንጉሡ ግብር ቤት አይጠየፍ ደጃፍ ድረስ ሂዱ። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በሰገሌ ጦርነት የተማረኩት ንጉሥ ግብር ያበሉበት ቤት ፊት ቆሞ መስማት ሌላ ነው።

ከሁሉ አብልጬ የምመኝላችሁ ግን የቦሩ ሜዳን ጉባኤ ነው። ከደሴ ቅርብ ነው፣ ዘመኑም 1870 ዓ.ም.። አፄ ዮሐንስና ምኒልክ የተገኙበት፣ የቤተ ክርስቲያን የሃይማኖት ክርክር የተቋጨበት፣ የወሎ ሙስሊምም እንዲጠመቅ የተገደደበት ዘመን ነው። ኋላ ንጉሥ የሆኑት ኢማም መሐመድ አሊ «ሚካኤል» የተባሉት ያኔ ነው። ይህን ርዕስ ለአንድ ተናጋሪ አትስጡት። የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ያጠና አንድ፣ የእስልምናን ታሪክ ያጠና አንድ፣ ጎን ለጎን ይቀመጡ። አብዛኛው ደሴ ቤት ውስጥ በሁለቱም ወገን ዘመድ አለ። ልጆቹ ይህን ታሪክ በቁርጥራጩ ነው የሚሰሙት፣ ያውም አንዳንዴ ለጠብ። በሚያውቁና በሚከባበሩ ሰዎች አፍ ሙሉውን ሊሰሙት ይገባል። የሚከብድ ነው ብላችሁ አትሽሹት፤ ሰብሳቢው ብስል ይሁን እንጂ ደሴ ይህን ለመወያየት አቅም አላት።

ፖስተሩን አልጠላም። ሰው የሚመጣው ግን ሰው ሲጠራው ነው። እያንዳንዱ አባል አንድ ሰው በስሙ ጠርቶ፣ ቤቱ ድረስ ሄዶ ይዞ ይምጣ። የቅሬ ስብሰባ ላይም አስነግሩ። ለወጣቶቹ ሥራ ስጧቸው፤ አንዱ ተናጋሪውን ያስተዋውቅ፣ አንዷ ጥያቄዎቹን ትመዝግብ።

ቀኑ ቅዳሜ ይሁን፤ ዓርብ ጁምዓ አለ፣ እሑድ ቅዳሴ። ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምራችሁ 9 ከሩብ ላይ ብትጨርሱ የአስር ሶላት አያመልጥም። ረመዳንና ሁዳዴ ሲገቡ ቡናውን ትታችሁ ንግግሩን ወደ ጠዋት አምጡት።