የት ቆሞ ነው ያየው?

ውድ ልጆች፣

ንባብ የሚወዱ ወጣቶች ሲያገኙኝ «ጋሼ፣ ከአሜሪካ ደራሲዎች የማንን እናንብብ?» ይሉኛል። የስም ዝርዝር የትም ታገኛላችሁ። እኔ ደግሞ የሥነ ጽሑፍ መምህር አይደለሁም፤ ዕድሜዬን የጨረስኩት በመንገድ ቅየሳ ነው። ስለዚህ ከዝርዝሩ ይልቅ በሥራዬ የለመድኩትን፣ ሳነብም የማይለየኝን አንድ ጥያቄ ላካፍላችሁ።

በእኛ ሙያ አንድ ልኬት እጃችን ሲገባ መጀመሪያ የምንጠይቀው መሣሪያው የት ተተክሎ እንደነበር ነው። ቀያሹ የቱንም ያህል ጎበዝ ይሁን፣ ከጉብታው ወዲህ ከቆመ ከጉብታው ወዲያ ያለውን ሸለቆ አያየውም። ልብ ወለድም የጉዞ ማስታወሻም ሳነሳ እንዲሁ እላለሁ። ይሄ ሰው የት ቆሞ ነው ያየው?

ከማርክ ትዌይን ልጀምር። ሰውየው ደራሲ ከመሆኑ በፊት በሚሲሲፒ ወንዝ ላይ የእንፋሎት መርከብ መሪ ነበር። ፈቃዱን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1859 ነው (ቀጥሎ የምጠቅሳቸውም ዓመቶች በዚያው አቆጣጠር ናቸው)። «ሕይወት በሚሲሲፒ» የተባለው የ1883 መጽሐፉ ያንን ሥራ እንዴት እንደተማረ ይተርካል። ወንዙ አንድ ቦታ አይቀመጥም። ዳርቻውን ይበላል፣ አሸዋ ይቆልላል፣ ጠመዝማዛውን ቆርጦ በአቋራጭ ይሄዳል። ተለማማጁ ይሄን ሁሉ በቃሉ መያዝ አለበት፤ ያውም በጨለማ፣ ያውም ሽቅብም ቁልቁልም። አስተማሪው ሆራስ ቢክስቢ ትንሽ ደብተር ግዛና የምነግርህን ሁሉ ጻፍ ይለዋል። ሥራ የጀመረ ልጅ ሳገኝ እነዚያን ምዕራፎች አንብብ እለዋለሁ።

አንድ ቦታ ላይ ግን ከትዌይን ጋር አልስማማም። ወንዙን ካወቅኩት በኋላ ውበቱ ጠፋብኝ ይላል። ድሮ የሚያፈዘው የጀምበር መጥለቂያ ቅላት ነገ ነፋስ አለ የሚል ምልክት ብቻ ሆነ፤ ውሃው ላይ የተሰመረችው ሰያፍ መስመርም ከሥር መርከብ የሚሰብር ነገር እንዳለ ማስጠንቀቂያ ሆነች። እኔ ጋ የሆነው ተቃራኒው ነው። ዓባይ በረሃ ይበልጥ ያማረኝ ገደሉን ከለካሁት፣ ድንጋዩ ለምን እንደዚያ እንደተሰነጠቀ ከገባኝ በኋላ ነው። እናንተም ከትልልቆቹ ጋር እንዲህ ተከራከሩ። የራሳችሁን ሳትሉ የሃያሲ አስተያየት ፍለጋ አትሩጡ።

ያው ወንዝ «የሃክልበሪ ፊን ጀብዱዎች» ውስጥም አለ። ትዌይን ያደገው ባርነት በተፈቀደበት በሚዙሪ ግዛት፣ የዘመዶቹን ባሮች በየቀኑ እያየ ነው። ስታነቡ፣ የኮበለለው ባሪያ ጂም ስለ ትንሽ ሴት ልጁ የሚያወራበት ቦታ ላይ ቆም በሉ። በሩን ዝጊ ብሏት እምቢ ያለችው መስሎት ይመታታል። ከዚያ ነፋስ በሩን ከኋላዋ ሲያላትመው ንቅንቅ አላለችም። ለካ በሽታ ጆሮዋን ደፍኖት ኖሯል። ጂም ይህን ሲናገር ያለቅሳል። እኔም ልጆች ካሳደግኩ በኋላ ያንን ገጽ በደረቅ ዓይን ጨርሼው አላውቅም። ከጂም ጋር በወንዙ የሚጓዘው ልጅ ሃክ፣ ጂምን የሚያጋልጠውን ደብዳቤ ቀዶ፣ እንግዲያውስ ገሃነም እገባለሁ ብሎ የሚወስነውም እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ነው። የመጨረሻዎቹ ምዕራፎች ግን ያናድዱኛል። የሃክ ጓደኛ ቶም ሶየር ጂም ነፃ መውጣቱን እያወቀ ለጨዋታ ሲል ታስሮ እንዲቆይ ያደርገዋል፤ ያ ያለቀሰ አባት መቀለጃ ይሆናል። ደራሲው የቆመበትን ቦታ እዚያ ላይ የለቀቀ ይመስለኛል።

ይኸው ሰው በ1867 በመርከብ አውሮፓንና ቅድስት አገርን ዞሮ በ1869 የጉዞ መጽሐፍ አወጣ። አብረውት የሄዱት ተሳላሚዎች ፍርዳቸውን ከቤታቸው ይዘው እንደመጡ፣ እያንዳንዱም የራሱን ሃይማኖት መልሶ እዚያ እንዳገኘ በደንብ ታዝቧል። የአገሩን ሰዎች፣ በተለይ ዓረቦቹን፣ ሲያይ ግን እሱም ንቀቱን ይዞ የመጣ ነው። ኢየሩሳሌምን መሳለም የዕድሜ ልክ ምኞት በሆነበት ቤት ላደገ ሰው ፌዙ አንዳንዴ ያማል። ቢሆንም አንብቡት።

ስለ ሄርማን ሜልቪል «ሞቢ ዲክ» አጠር ላድርግ። ሜልቪል በ1841 በዓሣ ነባሪ አዳኝ መርከብ ተሳፍሮ ሄዶ ያየውን ነው በ1851 የጻፈው። ለእኛ አንባቢዎች ይሄ መጽሐፍ ከሚባለው በላይ ቅርብ ነው። ካፒቴኑን አክዓብ ሲሉት የናቡቴን ወይን የቀማው ንጉሥ ትዝ ይለናል፤ ጾመ ነነዌን እየጾመ ላደገም የቄሱ የዮናስ ስብከት እንግዳ አይሆንበትም። ብዙ ሰው ስለ ዓሣ ነባሪ አካልና ስለ ዘይት ማቅለጥ የሚያወሩትን ምዕራፎች ዘሎ ያልፋል። አትዝለሏቸው! ደራሲው በእግሩ የቆመባቸው ቦታዎች እነሱ ናቸው።

ጆን ስታይንቤክን ሳነብ ግን የተጠየቅኩት እኔ ነኝ። በ1936 ለአንድ የሳን ፍራንሲስኮ ጋዜጣ ሊጽፍ የካሊፎርኒያን የስደተኛ ሠራተኞች ካምፖች ዞረ። ድርቅ፣ አቧራና ዕዳ ከእርሻቸው የነቀላቸውን ሰዎች በድንኳናቸው ሄዶ አገኛቸው። «የቁጣ ወይን» በ1939 ታተመ። አምስተኛው ምዕራፍ ላይ የገበሬውን ቤት ሊያፈርስ ትራክተር እየነዳ የሚመጣው የጎረቤት ልጅ ነው፤ በቀን 3 ዶላር ይከፈለዋል። ገበሬው ጠመንጃውን ይዞ ታዲያ ማንን ነው የምገድለው ይላል። ልጁ ባንኩ ነው ያዘዘኝ ይላል፣ ባንኩም ከላይ ታዞ ነው፣ ከላይ ያለውም ከሌላ፣ መጨረሻ የሌለው ሰንሰለት ነው። እኔ በገበሬ ማሳ ችካል ስተክል የኖርኩ ሰው ነኝ። «ታዝዤ ነው» የሚለውን መልስ ከብዙ ባልደረባ አፍ ሰምቼዋለሁ። ያንን ምዕራፍ ካነበብኩ ወዲህ ማሳ ስገባ መጀመሪያ ባለቤቱን ፈልጌ ሰላም እላለሁ፣ ቁጭ ብለን መስመሩ የት እንደሚያልፍ አሳየዋለሁ፣ ቡና ካፈላም እጠጣለሁ። መንገዱ በዚህ ምክንያት አይቀየርም ይሆናል፤ ሰውየው ግን ስሙን የሚያውቅ ሰው ያናግረዋል። መጽሐፉ ያላየውም አለ። የካሊፎርኒያን እርሻዎች ቀድመው ሲሠሩ የኖሩት ሜክሲኮዎችና ፊሊፒኖዎች ከታሪኩ ውስጥ የሉም ማለት ይቻላል።

በ1960 ስታይንቤክ ውሻውን ይዞ በመኪና አሜሪካን ዞረ፤ የጉዞ መጽሐፉም በ1962 ወጣ። ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ ጋዜጠኛ መንገዱን ተከትሎ ሲያጣራ፣ ብቻውን ነበርኩ ያለበትን ብዙውን ጊዜ ከሚስቱ ጋር፣ ወይም ሆቴል ውስጥ እንዳሳለፈ ደረሰበት። አንዳንድ ወጣቶች ይሄን ሲሰሙ መጽሐፉን ይወረውሩታል። እኔ አልወረውረውም። ኒው ኦርሊንስ ላይ አንዲት ጥቁር ሕፃን ትምህርት ቤት ስትገባ ነጭ ሴቶች ተሰብስበው የሚሰድቧትን የጻፈበት ክፍል በአገሩ ታሪክ የተመዘገበ እውነት ነው፤ ዛሬም ይቆጠቁጣል። በየመንገዱ አገኘኋቸው የሚላቸውን ተናጋሪ እንግዶች ግን በጥርጣሬ አንብቡ።

ማርጋሬት ሚቸል የ1936ቱን ልብ ወለዷን የጻፈችው አትላንታ ውስጥ ነው፤ በልጅነቷ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የተሸነፈው የደቡቡ ጦር ሽማግሌዎች ሲያወሩ እየሰማች አድጋለች። እኛ ጋ የመጣው «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ ነው። ተርጓሚው ነቢይ መኮንን በደርግ እስር ቤት ሆኖ በሲጋራ ፓኬት ወረቀት ላይ እየጻፈ ነው የተረጎመው። ይሄን እያሰብኩ ሳነበው እያንዳንዱ ገጽ ይከብደኛል። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ስካርሌት ተርባ ከተቃጠለው የጎረቤት ግቢ ፍጅል ነቅላ የምትበላበትንና ዳግመኛ አልራብም ብላ የምትምልበትን፣ ጦርነትና ረሃብ ያየው የእኔ ትውልድ እንዴት እንዳነበበው ልነግራችሁ አልችልም። ግን ያ ፍጅል የበቀለው ባሮቹ ጎጆ አጠገብ ነው። የተከሉት ሰዎች የት አሉ? ምን ይበላሉ? ሚቸል ከትልቁ ቤት በረንዳ ሆና ነው የምታየው፤ ከዚያ ደግሞ ጎጆው ውስጥ ያለው አይታይም። መጽሐፉን እወደዋለሁ፣ ይህንንም ይቅር አልለውም። ሁለቱን አብሮ መያዝ ይቻላል። ነቢይ ኋላ ራሱ አሜሪካ ሄዶ «የእኛ ሰው በአሜሪካ»ን ጽፏል፤ ከእነዚህ ጋር ጎን ለጎን አንብቡት።

የትዌይንና የሜልቪል መጻሕፍት የቅጂ መብታቸው ስላለፈ በነፃ ይገኛሉ። እንግሊዝኛው የሚከብዳችሁ ከሚሲሲፒው መጽሐፍ የመጀመሪያ ምዕራፎች ጀምሩ። ሃክልበሪ ፊንን ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡ፤ እንደ አነጋገራቸው ስለተጻፈ በዓይን ብቻ አይገባም። መቅድም ያለውን መጽሐፍ ደግሞ መቅድሙን መጨረሻ ላይ አንብቡት፤ ብዙዎቹ ታሪኩን አስቀድመው ይናገራሉ።